የድሮ የአሜሪካ የባቡር ሠራተኞች የኪስ ሰዓት፦ ማንነቱንና የተሠራበትን ዘመን ስለ መለየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች የሚመጡት ከአያት የተወረሰ፣ በአሜሪካ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የተገዛ ወይም በስጦታ የተገኘ የኪስ ሰዓት ይዘው «ይህ የባቡር ሰዓት ነው? መቼ ተሠራ?» ከሚሉ ሰዎች ነው። መልሶቹ በዋነኛነት የሚመለከቱት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ የተሠሩትን ሰዓቶች ሲሆን፣ ዓመቶቹ በሙሉ የተጻፉት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

«የባቡር ሰዓት» የሚባለው የትኛው ሰዓት ነው?

የባቡር ኩባንያዎች ባቡር ለሚያንቀሳቅሱ ሠራተኞቻቸው ያወጡትን የጥራት ደረጃ የሚያሟላ የኪስ ሰዓት ነው። ብዙዎች ሰዓቱን ኩባንያው ለሠራተኛው የሚያድለው ይመስላቸዋል፤ በአሜሪካ ግን ባቡር ነጂውም ሆነ ኮንዳክተሩ ሰዓቱን የሚገዛው በአብዛኛው ከራሱ ደመወዝ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም በየወሩ እየከፈለ። የኩባንያው ድርሻ የትኛው ሰዓት ተቀባይነት እንዳለው መወሰንና የተገዛው ሰዓት ልክ መሆኑን በየጊዜው ማስመርመር ነበር። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ሰዓቶች ላይ የባቡር ድርጅት ስም አለመገኘቱ የተለመደ ነገር ነው፤ ስሙ ስለሌለ ብቻ «የባቡር ሰዓት አይደለም» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሁለት ነገሮችንም መለየት ይገባል። አንድ ሰዓት ደረጃውን የሚያሟላ ሆኖ ባንክ ቤት በሚሠራ ወይም ገበሬ በሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሊሆን ይችላል። «የባቡር ደረጃ ያለው ሰዓት ነው» ማለት ከማሽኑ ተነሥቶ የሚረጋገጥ ነገር ነው። «ባቡር ሠራተኛ የያዘው ሰዓት ነው» ለማለት ግን ወረቀት፣ ማለትም የምርመራ ካርድ፣ የግዢ ደረሰኝ ወይም የአገልግሎት ማስረጃ ያስፈልጋል። ሻጮች ሁለተኛውን የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ነው።

ደረጃው እንዴት መጣ?

በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ከተቃራኒ አቅጣጫ ሲመጡ አንደኛው መቼና የት ጥግ ይዞ ሌላውን እንደሚያሳልፍ የሚወሰነው በጊዜ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ዋጋ የሚኖረው ደግሞ የሁለቱም ባቡር ሰዎች ሰዓት እኩል ከሆነ ነው። የአሜሪካና የካናዳ የባቡር ኩባንያዎች ኅዳር ወር፣ ማለትም ኖቬምበር 18 ቀን 1883 ላይ በየከተማው ይለያይ የነበረውን ሰዓት ትተው በቀጠና የተከፋፈለ የጋራ ሰዓት ቢጀምሩም፣ በየሰው ኪስ ያለው ሰዓት ግን እንደ ገዢው አቅም የሚለያይ ሆኖ ቀረ።

በኤፕሪል 1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን በምትባል ትንሽ ጣቢያ አጠገብ የፖስታ ባቡርና የመንገደኞች ባቡር ፊት ለፊት ተጋጭተው ሰዎች ሞቱ። ሲነገር እንደኖረው የአንዱ ባቡር ነጂ ሰዓት ለአራት ደቂቃ ያህል ቆሞ ተመልሶ መሥራት ጀምሮ ነበር፤ ነጂው ግን ይህን አላወቀም። ከአደጋው በኋላ የሌክ ሾር የባቡር ኩባንያ ዌብ ቦል የተባለውን የክሊቭላንድ ጌጣጌጥና ሰዓት ነጋዴ የሠራተኞቹን ሰዓቶች ሁኔታ እንዲመረምርና የቁጥጥር ሥርዓት እንዲዘረጋ ሾመው። ከ1893 ጀምሮ እየተስፋፋ የሄደው የባቡር ሰዓት ደረጃ ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ከቦል በፊት የሰዓት ምርመራ ያደርጉ የነበሩ የባቡር ኩባንያዎች አልጠፉም፤ የእርሱ ድርሻ የተበታተነውን አሠራር ወደ አንድ ወጥ ሥርዓት ማምጣቱ ነው።

ደረጃው በዝርዝር ምን ይጠይቅ ነበር?

ዝርዝሩ ከኩባንያ ኩባንያ ትንሽ ይለያይ፣ በየዓመቱም እየጠበቀ ይሄድ ነበር። ዋና ዋናዎቹ ነገሮች ግን የሚከተሉት ናቸው። ሰዓቱ ፊቱ በክዳን ያልተሸፈነ፣ መጠኑ 18 ወይም 16፣ ቢያንስ 17 ጁወል (የዘንጎች ጫፍ የሚያርፍበት ጠንካራ ድንጋይ) ያለው፣ በአምስት አቀማመጥ የተስተካከለ፣ ከ34 እስከ 100 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በግምት ከ1 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ልኩን የሚጠብቅ፣ በሳምንት ከ30 ሰኮንድ በላይ የማይቀድም ወይም የማይዘገይ መሆን ነበረበት። መሙያው 12 ቁጥር ላይ ይሆናል፤ ሰዓቱ የሚስተካከለው መሙያውን በመሳብ ሳይሆን ከፊቱ ሥር በተደበቀ ማንሻ ነው፤ ፊቱ ነጭ፣ ቁጥሮቹ ወፍራምና ጥቁር፣ ቆጣሪዎቹም በግልጽ የሚታዩ ጥቁር ናቸው። ከውስጥ ደግሞ ፍጥነቱ በጥቃቅን ልክ የሚስተካከልበት መቆጣጠሪያ፣ ድርብ ሮለርና የብረት ማምለጫ ጥርስ የሚባሉት የማሽኑ ክፍሎች ይጠየቁ ነበር።

ከእነዚህ መካከል ባለቤቱ ራሱ ያለ ሰዓት ሠሪ እርዳታ ሊያያቸው የሚችሉት መሙያው ያለበት ቦታ፣ ማንሻው፣ ፊቱና ማሽኑ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ናቸው። ለመጀመሪያ ማጣሪያ እነዚህ ይበቃሉ። መሙያው 3 ቁጥር አጠገብ ከሆነ ማሽኑ የተሠራው ክዳን ላለው ሰዓት ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ማሽን ክዳን በሌለው ሽፋን ውስጥ ሲገኝ አንድም የድሮ ነጋዴ እንደዚያ ገጥሞ ሸጦታል፣ አንድም በኋላ ተቀይሯል።

ሰዓቴ ከጀርባው ላይ ባቡር ተቀርጾበታል። ይህ ማስረጃ አይሆንም?

አይሆንም። እንዲያውም የባቡሩ ሥዕል ባማረ ቁጥር ጥርጣሬው መጨመር አለበት። የባቡር ሥዕል የርካሽ ሰዓት ሻጮች የተወደደ ማስታወቂያ ነበር፤ የባቡር ሠራተኛ ሰዓት እርግጠኛ ነው የሚለውን ዝና ተከትለው በፊቱ ላይ ወይም በጀርባው ላይ ባቡር የቀረጹ፣ ስማቸውም «የባቡር» ወይም «የኢንጂነር» ሰዓት የሚል ድምፅ ያለው፣ ውስጣቸው ግን ተራ የሆነ ብዙ ሰዓቶች ተሽጠዋል። አንዳንዶቹ ከስዊዘርላንድ የመጡ ሆነው የአሜሪካን ስም የሚመስል ስም ለብሰው፣ «23 ጁወል» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ተቀርጾባቸው፣ ሲከፈቱ ግን አብዛኛው ጁወል ለዓይን ማሳመሪያ የተቀመጠ ሆኖ ይገኛል። ባቡር የተቀረጸበት ሽፋን ውስጥ እውነተኛ የባቡር ደረጃ ማሽን የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ፍርዱ ግን ከማሽኑ እንጂ ከሥዕሉ አይነሣም።

የተሠራበትን ዓመት የሚነግረኝ የትኛው ቁጥር ነው?

በማሽኑ ላይ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ቁጥር አይደለም። በየጊዜው የሚፈጠረው የዘመን ስሕተት ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ከዚህ ስለሆነ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሰዓት ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሸጡት ማሽኑን ብቻ ነበር። ሽፋኑን የሚሠሩት እንደ ኪይስቶን፣ ክሬሰንት፣ ፋይስና ዋድስወርዝ ያሉ ሌሎች ኩባንያዎች ነበሩ። ደንበኛው ወደ ሱቅ ገብቶ ማሽኑን ከአንድ መሳቢያ፣ ሽፋኑን ከሌላው ይመርጥና ነጋዴው እዚያው ይገጥምለታል። መጠኑ ወጥ ስለነበር ባለ 16 መጠን ማሽን በማንኛውም ባለ 16 መጠን ሽፋን ይገባል። ስለዚህ የሽፋኑ ቁጥር የሽፋን ሠሪው የራሱ ቁጥር ነው፤ ከማሽኑ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የሽፋን ቁጥር ይዞ በሰዓት ፋብሪካ ሰንጠረዥ ውስጥ መፈለግ የሚያስገኘው የተሳሳተ ዓመት ነው። አንዳንዱ ሽፋን ላይ የሚታየው የፓተንት ዓመትም እንዲሁ የሚነግረን ሽፋኑ ከዚያ ዓመት በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው።

ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሃሚልተንን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ማሽኑን ከነሽፋኑ ገጥመው መሸጥ እያዘወተሩ መጥተዋል። በእነዚህ የኋለኞች ሰዓቶች ሽፋኑም የፋብሪካውን ስም ስለሚይዝ ሁለቱ አብረው የወጡ ለመሆናቸው የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል።

ሳላበላሸው እንዴት ልክፈተው?

በመጀመሪያ የጀርባውን ጠርዝ ዙሪያውን በደንብ ይመልከቱ። በአንድ በኩል ማጠፊያ፣ በሌላው በኩል ጥፍር የምታስገባ ትንሽ ከንፈር ካለ በጥፍር ቀስ ብሎ የሚከፈት ነው፤ ከሥሩ ሁለተኛ የውስጥ ክዳን ሊኖር ይችላል። ማጠፊያም ከንፈርም ከሌለው ጀርባው ጥርስ ወጥቶለት እንደ ብሎን በመዞር የሚከፈት ነው፤ ሰዓቱን በመዳፍ አጥብቀው ይዘው ጀርባውን ወደ ግራ ያዙሩት። እምቢ ካለ የጎማ ጓንት ወይም ለስላሳ የጎማ ቁራጭ መያዣ ይሆናል። የባቡር ሰዓቶች ሽፋን አቧራን ይከላከል ዘንድ በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። ጀርባው ጨርሶ የማይከፈት፣ መስታወቱ በኩል ያለው ቀለበት ብቻ ተፈትቶ ማሽኑ ወደ ፊት የሚወጣበት ዓይነትም አለ። ቢላዋ የትም ቦታ አያስገቡ፤ እንደ ብሎን የሚዞረውን ጀርባ በቢላዋ ለመፈልቀቅ የተሞከረበት ጠባሳ በብዙ አሮጌ ሰዓቶች ላይ ይታያል።

ከተከፈተ በኋላ ጣት አያስነኩት። የላብ ጨው ብረቱን ያዝገዋል። የተቀረጸውን በሙሉ፣ ማለትም የፋብሪካውን ስም፣ የሞዴሉን ስም ወይም ቁጥር፣ የጁወሉን ብዛት፣ «አድጀስትድ» («የተስተካከለ» ማለት ነው) የሚለውንና ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን፣ ተከታታይ ቁጥሩንም በብርሃን ፎቶ አንሥተው ይዝጉት።

ቁጥሩን አገኘሁ። ዓመቱን እንዴት ላውጣ?

ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ከፋብሪካው ስም ጋር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የቆጠረው ለራሱ ነውና። ለምሳሌ በማሽኑ ላይ 1,000,000 አካባቢ የሆነ ቁጥር ቢያገኙ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የነበረው ዋልተም ከሆነ ሰዓቱ የ1870ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ኢሊኖይ ውስጥ የነበረው ኤልጂን ከሆነ የ1880ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በ1892 ፔንሲልቫንያ ላንካስተር ውስጥ የተመሠረተው ሃሚልተን ከሆነ ደግሞ የ1910ዎቹ ነው። በአንድ ዓይነት ቁጥር ከ30 ዓመት በላይ ልዩነት ይፈጠራል ማለት ነው። ዋልተምም ኤልጂንም አሥር ሚሊዮን የደረሱት በ1900ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በመሆኑ ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር ያላቸው የሁለቱ ፋብሪካ ሰዓቶች የ20ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው።

የየፋብሪካው የቁጥርና የዓመት ሰንጠረዥ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተዘጋጅቶ በሰፊው የሚገኝ ነው። ሲጠቀሙበት ግን የሚገኘው ዓመት ግምት መሆኑን አይርሱ። ፋብሪካዎች ለአንድ ሞዴል አንድ ሺህ ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር አስቀድመው ይመድቡና ሥራው ዘግይቶ ሊያልቅ ይችላል፤ ያለቀውም ማሽን መደርደሪያ ላይ ወራትም ዓመታትም ይቆያል። «በ1912 ገደማ» ብሎ መናገር ትክክል ሲሆን «በ1912 ተሠራ» የሚለው ከማስረጃው በላይ መናገር ነው። ሞዴሉ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ግምቱን ማጥበብ ይቻላል፤ ሃሚልተን 992 የተባለው ሞዴል ከ1903 እስከ 1940 ሲሠራ፣ 992ቢ የተባለው ተተኪው ከ1940 እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ተሠርቷል፤ የ992ቢ ቁጥሮች ደግሞ «ሲ» በሚባለው የላቲን ፊደል ስለሚጀምሩ ወዲያው ይለያሉ።

ከቁጥሩ ሌላ ዘመኑን የሚያረጋግጥ ምልክት አለ?

አለ፤ ቁጥሩ የሚለውና ማሽኑ የሚለው ሲጋጩ ጠቃሚ ይሆናል። በቁልፍ የሚሞላ ሰዓት ከ1893ቱ ደረጃ በፊት የነበረው ትውልድ ነው። ባለ 18 መጠን ሆኖ የኋላ ሳህኑ ማሽኑን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውና ባላንሱ (የሚወዛወዘው ጎማ) ከሳህኑ በላይ ተቀምጦ የሚታየው የቀደመው አሠራር ሲሆን፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ በኋላ ሠራተኛው ወደ ቀጭኑና ቀለል ወዳለው ባለ 16 መጠን እየተሸጋገረ ሄዷል። መጠኑ የሚለካው ከሽፋኑ ሳይሆን ፊቱ ከተቀመጠበት የማሽኑ ሳህን ነው፤ 18 መጠን 44.87 ሚሊሜትር፣ 16 መጠን 43.18 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ከሁለት ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ በዓይን ግምት መወሰን አያዋጣም።

ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ባላንስም ብዙ ይናገራል። በሁለት ቦታ የተቆረጠና ዙሪያውን ጥቃቅን ብሎኖች የተደረደሩበት፣ ከውጭ ነሐስ ከውስጥ ብረት የሆነው ባላንስ ሙቀት ሲለዋወጥ ራሱን እየለጠጠና እየሰበሰበ ልኩን እንዲጠብቅ የተፈለሰፈ ነው። በ1930ዎቹ ሃሚልተን ኤሊንቫር ከተባለ፣ ሙቀት ብዙም ከማይለውጠው ቅይጥ የተሠራ የባላንስ ሞላ ማስገባት ጀመረ፤ ቅይጡን የፈለሰፈው በ1920 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሻርል ኤዱዋር ጊዮም ነው። በማሽኑ ላይ «ኤሊንቫር» የሚል ጽሑፍ ካለ ሰዓቱ ከዚያ ዘመን የሚቀድም አይደለም።

ጁወል ምንድን ነው? ስንት መሆን አለበት?

የሚሽከረከሩት ዘንጎች ጫፍ የሚያርፍበት የተበሳ ጠንካራ ድንጋይ ሲሆን በአብዛኛው ቀይ ሩቢ ነው። ብረት በብረት ላይ ከመፋተግ ስለሚያድን ሰዓቱ ዕድሜ ይኖረዋል፤ ልኩንም ይጠብቃል። ደረጃው ሲጀመር 17 ጁወል ይበቃ ነበር፤ በኋላ ብዙ ኩባንያዎች 19፣ ከዚያም 21 መጠየቅ ጀመሩ። 23 ጁወል ያላቸው የቅንጦት ሞዴሎችም ነበሩ፤ ከ21 በላይ ያለው ልዩነት ግን ለክብር እንጂ ለልክነት የሚያመጣው ጥቂት ነው። 7፣ 11 ወይም 15 ጁወል ያለው ሰዓት፣ በማናቸውም ታዋቂ ፋብሪካ ይሠራ፣ የ1893ቱን ደረጃ አያሟላም።

«አድጀስትድ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ይበቃል?

አይበቃም። ቃሉ ብቻውን ሲቆም ሰዓቱ በሙቀትና በሞላው ጉልበት መለዋወጥ ረገድ መስተካከሉን ሊያመለክት ይችላል። የሚፈለገው «አምስት አቀማመጥ» የሚለው ነው፤ እነርሱም ፊቱ ወደ ላይ፣ ፊቱ ወደ ታች፣ መሙያው ወደ ላይ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሆኖ ማለት ነው። መሙያው ወደ ታች የሚሆንበት ስድስተኛው በተወሰኑ ሞዴሎች ብቻ ተጨምሯል። በቀደሙት ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ እውነተኛ የባቡር ሰዓቶች ግን የአቀማመጡን ቁጥር በጽሑፍ ላያሳዩ ስለሚችሉ፣ የ1890ዎቹን ሰዓት በዚህ ብቻ መጣል ስሕተት ይሆናል፤ እዚያ ላይ የሞዴሉ ማንነት ይወስናል።

በባቡር ደረጃ የታወቁት ሞዴሎች የትኞቹ ናቸው?

ከሃሚልተን 940፣ 992 እና 950፤ ከዋልተም ቫንጋርድና ክሬሰንት ስትሪት፤ ከኤልጂን ቢ. ደብልዩ. ሬይመንድ፣ ፋዘር ታይምና ቬሪታስ፤ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ከነበረው ኢሊኖይ ከተባለው ፋብሪካ ደግሞ በን ስፔሻልና ሳንጋሞ ስፔሻል በብዛት ይጠቀሳሉ። የሬይመንድ ስም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ኤልጂን በ1867 ካወጣው የመጀመሪያ ሰዓቱ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የተጠቀመበት በመሆኑ የድሮዎቹ ሬይመንዶች ከኋለኛው ደረጃ ጋር የሚመጣጠኑ አይደሉም።

«ቦል» የሚለው ስም በራሱ የሚቆም ጉዳይ ነው። የዌብ ቦል ኩባንያ ማሽን አይሠራም ነበር፤ ሃሚልተን፣ ዋልተምና ሌሎችም እርሱ በጠየቀው ልክ ይሠሩለትና ስሙ ይቀረጽባቸዋል። ስለዚህ የቦል ሰዓት ቁጥር የሚነበበው ለቦል በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነው። የሃሚልተን ሥራ መሆኑን አውቆ የቁጥሩን ዓመት በሃሚልተን ሰንጠረዥ መፈለግ ያሳስታል።

የሰዓቱ ፊት የመጀመሪያው መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ፊት በቀላሉ የሚቀየር ነገር ስለሆነ ሙሉ እርግጠኝነት አይገኝም። የዚያ ዘመን ጥሩ ፊት ከመዳብ ሳህን ላይ የተጋገረ ነጭ ኢናሜል ሲሆን፣ የመካከሉና የሰኮንዱ ክብ ዝቅ ብለው የተገጠሙ ናቸው። ሲወድቅ ይሰነጠቃል፤ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያለበት ግን የራሱ የሆነ ፊት፣ እንከን ከሌለው ተቀያሪ ፊት ይልቅ ለሰብሳቢ ይመረጣል ብዬ አምናለሁ። ደቂቃዎቹ ከ1 እስከ 60 በሙሉ በቁጥር የተጻፉበት ፊት ሞንትጎመሪ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከሳንታ ፌ የባቡር መሥመር የሰዓት ተቆጣጣሪ ነው። የደቂቃ ቁጥሮቹ ትልልቅ ሆነው የሰዓት ቁጥሮቹ ከውስጥ በትንሹ የተጻፉበት ደግሞ ፈርጉሰን ነው፤ ይህኛው ብርቅ በመሆኑ በዘመናችን የተሠሩ አስመሳዮች ገበያ ላይ አሉ። የሮማ ቁጥር ያለው ፊት ከደረጃው ጋር አይሄድም።

ሽፋኑ ወርቅ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ ለበስ ነው። ከተራ ብረት ላይ ከውስጥም ከውጭም ስስ የወርቅ ሉሆች ተጠቅልለው የሚሠራ ሲሆን፣ «14 ካራት» የሚለው ጽሑፍ የልባሱን ጥራት እንጂ የሽፋኑን ሙሉ ክብደት አይመለከትም። ጀርባው ውስጥ «20 ዓመት» ወይም «25 ዓመት ዋስትና» የሚል ከተጻፈ ጥርጥር የለውም፤ ልባሱ ሳይፋቅ የሚቆይበትን ጊዜ የሚናገር ስለሆነ ሽፋኑ ወርቅ ለበስ ነው። እንዲህ ያለው የዓመት ዋስትና ጽሑፍ በ1920ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ መንግሥት ስለተከለከለ ሽፋኑን ለመገመትም ይረዳል። ነጭ ሆነው «ሲልቨሮይድ»፣ «ሲልቨሮድ» ወይም «ኒኬል» የሚሉት ብር የለባቸውም። እንዲህ ያሉት ርካሽና ጠንካራ ሽፋኖች በሠራተኛው ዘንድ የተወደዱ ስለነበሩ፣ ለእውነተኛ የሥራ ሰዓት የማያሳፍሩ ናቸው።

ማሽኑና ሽፋኑ ከመጀመሪያው አብረው እንደነበሩ የሚታወቅበት መንገድ አለ?

ማሽኑን ከሽፋኑ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ብሎኖች ጫፍ በሽፋኑ ጠርዝ ላይ ምልክት ይተዋል። ከአሁኖቹ ብሎኖች ጋር የማይገጥም ተጨማሪ ጠባሳ ካለ ሌላ ማሽን ቀድሞ እዚያ ነበር። የወርቅ ዋጋ በናረባቸው ጊዜያት የብዙ ሰዓቶች ወርቅ ሽፋን ቀልጦ ማሽኑ ብቻውን ስለቀረ መቀያየር የተለመደ ነው። ተጨማሪ ጠባሳ አለመኖሩ ደግሞ አብረው ለመኖራቸው ጥሩ ምልክት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

መሙያውን ብስበውም ሰዓቱ አይስተካከልም። ተበላሽቷል?

ምናልባት አልተበላሸም፤ አይሳቡት። ባለ ማንሻ ሰዓት ይሆናል። በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ወደ ግራ አዙረው ያውጡት፤ ከፊቱ ጠርዝ ሥር፣ በአብዛኛው 1 ወይም 2 ቁጥር አጠገብ፣ ትንሽ የብረት ምላስ ትታያለች። በጥፍር ወደ ውጭ ይሳቧት፤ መሙያውን በማዞር ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ ምላሷን መልሰው አስገብተው ቀለበቱን ይግጠሙ። እንዲህ የተሠራው ነጂው ሰዓቱን ሲሞላ ሳያውቀው ቆጣሪዎቹን እንዳያንቀሳቅስ ነው። ማንሻ ያለው ሰዓት ሁሉ የባቡር ሰዓት ነው ማለት ግን አይደለም፤ ክዳን ያላቸው ብዙ ተራ ሰዓቶችም በማንሻ ይስተካከላሉ።

አያቴ በጂቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ላይ ሠርተዋል፤ የተዉት ሰዓትም አለ። ይህ ሁሉ ለእርሱ ይሠራል?

አብዛኛው አይሠራም። ሥራው በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው መሥመር የተሠራውም የተዳደረውም በፈረንሳዮች ስለነበር ከአሜሪካው ደረጃ ጋር አይያያዝም፤ በዚያ በኩል የሚጠበቀው የስዊዘርላንድ ወይም የፈረንሳይ ሰዓት ነው። እንደነዚህ ያሉትን ለመለየት ከማሽኑ ቁጥር ይልቅ በሽፋኑ ውስጥ የተመታውን ጥቃቅን ማኅተም በአጉሊ መነጽር ማየት ይቀድማል። በፈረንሳይ የንስር ራስ ወርቅን፣ ከ1893 ጀምሮ ደግሞ ጉጉት ከውጭ የገባ ወርቅን፣ ይብራ የመሰለ ነጭ የውኃ ወፍ ከውጭ የገባ ብርን ያመለክታል፤ በስዊዘርላንድ ድብ 0.875 ጥራት ያለውን ብር ያሳያል። ባቡር የተቀረጸባቸውና «ሬጉላተር» የሚል የተጻፈባቸው ብዙ የአውሮፓ ሰዓቶች ግን ሮስኮፕፍ የተባለው ሰዓት ሠሪ በ1860ዎቹ ለድሃው ሕዝብ ብሎ ያወጣውን ርካሽ አሠራር የተከተሉ ናቸው።

ባለቤቱ በእርግጥ የባቡር ሠራተኛ ከነበሩ ግን፣ የሰዓቱ ዓይነት ምንም ይሁን፣ የሥራ ደብተራቸው፣ የደመወዝ ወረቀታቸው ወይም በሥራ ልብስ የተነሡት ፎቶግራፍ ከሰዓቱ ጋር አብሮ ይቀመጥ። ከተነጣጠሉ በኋላ መልሶ ማገናኘት አይቻልም።

የሩሲያ ጽሑፍ ያለበትና ባቡር የተቀረጸበት ሰዓት አለኝ።

ቼልያቢንስክ ውስጥ የተሠራው ሞልኒያ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው የተቋቋመው በ1947 ሲሆን ማሽኑ ኮርቴቤር የተባለውን የስዊዘርላንድ ማሽን መሠረት ያደረገ ነው፤ በአገሩ የባቡር ሠራተኞችም ይጠቀሙበት ነበር። ጠንካራ ሰዓት ነው፤ ጥንታዊ ግን አይደለም። ከሶቪየት ሰዓቶች መካከል ከአሜሪካ የባቡር ሰዓት ጋር ቀጥተኛ ዝምድና ያላቸው ሌሎች ናቸው፤ በ1930 የሶቪየት መንግሥት ካንተን ኦሃዮ የነበረውን የሃምፕደን ፋብሪካ መሣሪያዎች ገዝቶ ወደ ሞስኮ በማጓጓዙ፣ የመጀመሪያዎቹ የሞስኮ የኪስ ሰዓቶች የሃምፕደንን ንድፍ የያዙ ናቸው።

ዋጋው ስንት ነው?

በብዛት የተሠሩት፣ እንደ ሃሚልተን 992 ያሉት፣ በመልካም ሁኔታ ላይ ሲሆኑ በአሜሪካ ገበያ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኙ ናቸው። ዋጋን ከፍ የሚያደርገው ዕድሜ ሳይሆን የሞዴሉ ብርቅነት፣ ያልተቀየረ ፊትና ሽፋን፣ በቅርቡ በባለሙያ የታጠበ መሆኑና ከላይ የተጠቀሰው የባለቤትነት ወረቀት ነው። ሻጭ የማሽኑን ፎቶ ለማሳየት ካልፈቀደ አይግዙ።

በየቀኑ ልጠቀምበት እችላለሁ?

ታጥቦና አዲስ ዘይት ተቀብቶ ከሆነ ይችላሉ። ለዓመታት የቆመን ሰዓት ሞልቶ «ይሠራል» ማለት ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የደረቀ ዘይት ዘንጎቹን እየፈገፈገ ይበላቸዋል፤ ያንን ጉዳት ለመጠገን የሚገኘው መለዋወጫ ደግሞ በአብዛኛው ከሌላ አሮጌ ሰዓት የሚወጣ ነው። ከታጠበ በኋላ በየቀኑ በአንድ የተወሰነ ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ መሙያው እስኪቆም ድረስ ይሙሉት። ሠራተኞቹም ያደርጉ የነበረው እንዲሁ ነው፤ ሞላው ሙሉ ሆኖ ቀኑን ሲጀምር የሚሰጠው ጉልበት እኩል ስለሚሆን ልኩን ይጠብቃል። ማታ ሲያስቀምጡት ደግሞ ቀን በኪስ እንደሚውለው መሙያው ወደ ላይ ሆኖ ይሰቀል።